ሁለት መሬት

ሸክላው ገና ሳይዞር፣ መርፌው ሳይነካው፣
እምምም ይላል ከሥር፤ ጉሮሮው ምን ነካው?
ላይፕዚግ፣ የካቲት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ
ወይዘሮ ሮስቪታ ቆመዋል ከበላይ፣
እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ አስታማሚ ሰው፦
«ይድናል ወይ? በለኝ እውነቱን፣ ደምሰው።»

ዝም አልኩ። እዚህ ቤት ጆሮ ነው ሠራተኛ፤
ይጣራ አስቀድሞ፣ ማን ነው የማይተኛ?
ፍሪጁን ነቀልኩት፤ ቅቤው ይቅለጥ፣ ግድ የለም።
እምምም። እሱ አይደለም።
የራስጌ መብራቱን አጠፋሁት። አይደለም።
አሥራ አንድ ቁጥር ትራም መስኮት ነቅንቃ አለፈች፤
የእሷስ ሌላ ነው፣ ጮኻ ሄደች፣ ተረሳች።
ይሄኛው አይሄድም፤ ወፍራም ነው፣ ሳይነጥፍ፣
ልክ እንደ ንብ ቀፎ፣ ሳይዘምር፣ ሳያርፍ።

በባትሪ ከጀርባው ጎንበስ ብዬ ሳይ
አንድ ሽቦ ወርዶ ታስሯል የማሞቂያው ቱቦ ላይ።
«የእህቴ ልጅ ነው» አሉ፣ «ከሃለ የመጣው፤
አንድ መሬት አይበቃም ብሎ ሌላ አመጣው።»

እንዲህ ነው ነገሩ፦ ሁለት መሬት ያለው
ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ነው የሚውለው፤
ሲዞር ያንጎራጉራል።
«እንዳንተ!» ብለው ሳቁ።
መፍቻዬን በጥርሴ ነክሻለሁ፤ አልመለስኩ።

ሽቦውን ፈታሁት። ቀጠነ፣ ግን አልጠፋ።
እጅ ልሰጥ ነው፤ ወገቤን ላቃና ስል
መዳፌ በአጋጣሚ ክንዱ ላይ አረፈ፣
መርፌውን የያዘው ብረት። ድምፁም አብሮ ዐረፈ።
አነሣሁ፤ እምምም። አሳረፍኩ፤ ጸጥ።
«ምን አደረግህ?»
«ምንም። መሬት ሆንኩለት።»
ልጅ ሆነን የሰማነው፣ አፈር ነህ የሚል ቃል
ለካስ በኤሌትሪክም ዘንድ በደንብ ይታወቃል።

«እንግዲያው እንዳትነሣ!» ሮጠው ሸክላ አመጡ፤
የፈትል ፋብሪካው መዘምራን፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ።
ከሦስተኛው ረድፍ ሟቹ ኤግበርት፣ ድምፃቸው ከሁሉ ዝቅ፤
ጉርምርምታው ለወራት እሳቸውን ብቻ ነበር የሚደብቅ።
እጄን እንደተገዘተ ሰው ሳላነቃንቅ ቆምኩ።
ኤግበርት ገቡ። አንድ ምት ዘግይተው።
«ያው ነው!» አሉ ሮስቪታ፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣
«ለሠርጋችንም ቀን የመጣው ዘግይቶ ነው።»

ገጹ ሲያልቅ ዋናውን ብሎን አገኘሁት፣ ዝጎ፣ ላልቶ፤
በአሸዋ ወረቀት ፋቅሁት፣ አጠበቅሁት፤
እጄም ወጣ፣ ሥራውን ለብረት ትቶ።

ሃያ ዩሮና አንድ ጠርሙስ የኮመጠጠ ኪያር ሰጡኝ።
ትራም ፌርማታው ላይ በረዶው ሲመታኝ
ፍሪጁ ትዝ አለኝ!
አራት ፎቅ በሩጫ። ላንኳኳ ስል፣ ከበሩ ጀርባ
ሸክላው እየዞረ ነው፤ ከሥሩ ንጹሕ ጸጥታ፤
ኤግበርት አሁንም ዘግይተው ገቡ።
እጄ አየር ላይ ቀረ።
ገጹ እስኪያልቅ ቆምኩ።
ቅቤው ይቅለጥ።