በረኛ

አባቴ በረኛ ነበር፣ የበረዶ ፋብሪካው በር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱካ ላይ ሲያድር፣
ሽርጡን አጥብቆ፣ ቁልፉን ባንገቱ አስሮ፣
ወጪውን ቆጥሮ፣ ገቢውን መርምሮ።
እኔ የወረስኩት በሩን ሳይሆን በረዶውን፤
በሰጋቱራ ጠቅልዬ፣ በጋሪ ጭኜ ጉማጁን፣
ካሸዋ እስከ ከዚራ፣ ለዓሣ ሻጭ፣ ለጭማቂ ቤት፣
ብርድ እቸረችራለሁ፣ በሐሩር አገር፣ በጠራራው ሰዓት።

የወንድሜ ልጅ ሙኒባ፣ ካናዳ ተወልዳ ያደገች፣
እኔ የምቸበችበው ላይ ስለት ተጫምታ ቆመች፤
ፊቷን በብረት ወንፊት፣ ደረቷን በትራስ ጋርዳ፣
ጥቁሯን ጎማ ከደጅ ትመልሳለች፣ እንደ ክፉ እንግዳ።
በረኛ ናት አሉኝ። ሳቅሁ። ደግሞ ዝም አልሁ።
ያባቴን ሥራ ማን እንደያዘው ያኔ አወቅሁ።

ትናንት መልእክት መጣ፦ «ዛሬ ማታ ድራፍት ነው፤
ስምንት ክለብ ተሰብስቦ ልጆች የሚመርጠው።»
ጮክ ብዬ ሳነበው፣ ጎረቤቴ አያ ቡሽራ
ከምርቃናው ባነነና፣ ጉንጩን ሞልቶ፣ ሳያጣራ፦
«ዋሪያ! የሐጂ ዑመሬ የልጅ ልጅ ለድራፍት? አስተግፊሩላህ!
ስምንት ቤት ስትዞር ልታድር? ምን ጉድ ነው፣ ያ አላህ!»
«ቢራ አይደለም፣ ሰው ነው የሚቀዳው» አልነው።
«በየተራ ስም ይጠራሉ።»
«እንደ ፍርድ ቤት?»
«አይደለም።»
«እንደ ቀበሌ ዕጣ?»
«እሱም አይደለም።»
«እንደ ከብት ገበያው?»
እዚህ ላይ መልስ አጣን።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ስልኩን ጀሪካን አስደግፈን፣
ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ከወበቁ ሸሽተን፣
አየን፦ ኮት የለበሰች ሴት ወረቀት ይዛ ወጣች፣
የማናውቀውን ስም ጠራች። የማናውቃት ልጅ አለቀሰች።
አንደኛው ዙር። ሁለተኛው።
ሙኒባን ባንድ ጥግ አየናት፣ ጣቷን ስትቆረጥም፤
ስሟ ግን አሁንም፣ አሁንም አልተጠራም።
እህቴ ረውዳ በየስሙ መሃል ትገፋለች መቁጠሪያ፤
«በረኛ ይቀድማል!» ይላል ቡሽራ፣ «ከሁሉ መጀመሪያ!»
አራተኛው ዙር ላይ መብራት ጠፋ።
ኔትወርኩም ተከትሎት ጠፋ።
በጨለማው ከፋብሪካው በኩል ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁ፤
የነገ ገበያዬ እየቀለጠ ነው። አወቅሁ። አልተነሣሁ።

ትዝ አለኝ፦ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለዕረፍት መጥታ፣
ያባቴ ዱካ አጠገብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
የሰፈሩ ወንዶች የካልሲ ኳስ ሲለጉባት፣
ብረቱ ጮኾ እንዳይቀሰቅሰው፣ በሩን በደረቷ ስትከልልለት።
እሱ ግን አልተኛም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ
ያዳነቻቸውን ይቆጥር ነበር፣ ለኔ እየጠቀሰ በቅንድቦቹ።

ጎህ ሲቀድ፣ ካዛን በኋላ፣ ስልኩ ነፍስ ዘራ፦
«ስድስተኛ ዙር፣ ከመጨረሻዋ በፊት፣ ተጠራች በተራ።
ስሟን ግን ገነጣጥለው ‹ሙናይባ አይድሪስ› ስላሉ፣
ሌላ ሰው መስሏት ቁጭ አለች፣ ‹አንቺ ነሽ!› እስኪሉ።»
ረውዳ እልል አለች፤ ሰፈሩም ምክንያቱን ሳያውቅ ተቀበላት።
«ስንት ተሸጠች?» አለ ቡሽራ።
«አልተሸጠችም» አልኩት።
ጥቂት አሰበና፦ «እሺ፣ በስንት ገዟት?»

ከቀለጠው ተርፎ ከቀረኝ ጡብ የምታህል ሰብሬ
ለልጆቹ ወረወርኩላቸው፤ ከስሯል መቼም ዛሬ።
አስፋልቱ ላይ አንሸራተቷት፣ በዱላ፣ በነጠላ ጫማ፣
ወደዚያው ብረት በር። ጓ! አለ፣ መጋላ እስኪሰማ።
«ገባ!»
«አልገባም!»
«አቦ፣ አትዋሽ! መስመሩን አልፏል!»
«አላለፈም!»
ዳኛ አጡ። እኔን ጎተቱኝ፣ እጄን ይዘው።
ቦታውን ሊያሳዩኝ ጎንበስ ቢሉ፣ በረዷ የለችም፤ ከበሩ ሥር
እርጥብ ክብ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ዳር ዳሩ ሲያጥር።