ከቀኝ ወደ ግራ

ከአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በሽቦ የተሰፋ፣
ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የጠፋ
አንድ የጃፓን ቀልድ፣ በሥዕል የተጻፈ፣
በወንድሜ በይድነቃቸው ጃኬት ከዝናብ ተረፈ።

እኔ እንደተማርኩት በግራ ገለጥኩት፤ መጨረሻው ወጣ፦
ቀንዳም ጋኔን ወንበር ላይ፣ ፊቱ እንባ በእንባ፣ በእጁ ቁራጭ ቂጣ።
ለምን እንደሚያለቅስ ሳላውቅ ሳቅኩበት።
«ሞኟ!» አለኝ፤ «ማንጋ ከቀኝ ነው የሚጀመረው፤
አንቺ በሳቁ ገባሽ፤ ቀልዱ በዚያኛው በር ቆሞ እየጠበቀሽ ነው።»

ታሪኩ እንዲህ ነው።
ጋኔኑ ከሲኦል፣ ከተማ ሊያጠፋ ታዝዞ ይመጣል፤
እሳት በአፉ ጎርሶ ዋናው በር ላይ ይቆማል።
ዘበኛው ቀና እንኳን አይልም።
«መታወቂያ?»
የለውም።
«ሳይመዘገቡማ ማጥፋት አይቻልም።»
መስኮት ሦስት ሲሄድ «ሰባት ነው» ትላለች፤
መስኮት ሰባት ሲደርስ ማኅተም ያዥዋ ምሳ ወጥታለች።
የጎረሰው እሳት በረደ፤ አመዱን መሀረብ ላይ ተፋ።
እንዲህ አሥራ ሁለት ቅጽ ተሰለፈ፤ ዓለምም ሳይጠፋ፣
እሱ ጉንፋን ያዘው፣ ቤት ተከራየ፣
ከኋላው የቆመው ሽማግሌ ልጅ ሲድር ሠርጉ ላይ ታየ።

«ይሄማ ወረዳችን ነው!» እላለሁ፤ «ጃፓኖቹን ማን ነገራቸው?»
«ሰልፍ ያለበት አገር ሁሉ ጎረቤት ነው» ይለኛል ይድነቃቸው።

ዶሮ ማነቂያ ነበርን፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ።
መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ያነብልኛል፣ ለየሰዉ ሰጥቶ ጉሮሮ፦
ለጋኔኑ፣ የወረዳው ዘበኛ የጋሽ ወርቅአፈራሁን ጎርናና ሳል፤
ለመስኮቷ ሴትዮ፣ ወር በሞላ ቁጥር በአፍንጫዋ የምታወራ የሚመስል
የአከራያችን የወይዘሮ አስካለን ቃል።

አንድ ገጽ ላይ ማንም አይናገርም፦
ባዶ አዳራሽ፣ ጋኔን፣ የተዘጋ መስኮት።
ከላይ ግን ፊደል አለ፣ ትልቅ፣ የተንጋደደ።
«ሺ———ን ይላል» አለኝ፤ «ዝምታ ሲጮህ ነው፤
እነሱ ለዝምታም ድምፅ አላቸው።»
አሰበ። እስክሪብቶ አወጣ። ከጎኑ «ጭጭ» ብሎ ጻፈው።

ከስንት ዓመት በኋላ ጋኔኑ ተንቀሳቀሰ፤
ካርቱን ሆኖ መጣ፣ ቀለም ለበሰ።
ፒያሳ ፍላሽ የሚሞላው ኢዮስያስ «ሙሉ ምዕራፍ፣ ሃያ ብር» ብሎ ጫነልን።
ለካስ ቀንዱ ሰማያዊ ነው! ስንት ዓመት በጥቁር ቀንድ ኖርን።
ግን አፉን ሲከፍተው፣
ጡት ያልጣለ ልጅ ድምፅ ነው!
«ይሄ እሱ አይደለም!» አልኩ።
ይድነቃቸው ሳቀና፣ ወዲያው ፊቱ ከሰለ።
«ድምፁን አጥፊው» አለ።
አጠፋሁት። ሥዕሉ ሲሮጥ፣ እሱ አፍ አፉን እያየ፣
አንዳንዴ ቀድሞት፣ አንዳንዴ እየዘገየ፣
ሃያ አራቱን ክፍል፣ ጉሮሮው እስኪነቃ፣ ነፍስ ዘራባቸው፤
ቶክዮ መሀል፣ በሰማያዊ ቀንድ፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁን አስነጠሳቸው።

ዘንድሮ ሰፈሩ ፈረሰ። ኢዮስያስ ሱቁን ነቅሎ የት እንደገባ እንጃ፤
የኛ በር ብቻውን ቆሞ ሁለት ቀን ዋለ፣ የነፋስ መሄጃ።
እኔም ለመሸኛ ወረዳ ሄድኩ፤
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሬ ቆምኩ።
መስኮት ሦስት ማን አለ? ይድነቃቸው።
ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጎ ያገኘው ወንበር ይቺው።

ተራዬ ሲደርስ ቀና አላለም።
«መታወቂያ?» አለ፣ በወይዘሮ አስካለ አፍንጫ።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ «የለኝም፤
ከተማ ለማጥፋት ነበር አመጣጤ።»
«ለሱ እንኳ ዘግይተዋል።»
ሁለታችንም አልሳቅንም።
ከኋላዬ ሰልፈኛው፣ ከፊቴ መስታወቱ፣
ጭጭ።
ከዚያ፣ በራሱ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፦
«ሲስተም የለም እታለም፤ ከሰዓት ተመለሺ።»

ከሰዓት ተመለስኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ምሳ ወጥቷል።
አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሽቦው ዝጓል፣
ጥራዙ ግን ይገለጣል። ከቀኝ ገለጥኩት።
አጠገቤ የነበሩ አዛውንት አይተውኝ አይተውኝ፣
«ልጄ፣ ከመጨረሻው ነው የጀመርሽው» አሉኝ።