ዘጠና አራት ዲግሪ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ሥር፣
የእንጦጦን ዳገት ጭነት ተጭኖ እንደሚወጣ ሎንቺና
ይተነፍሳል ኮምፒውተሬ፣ ቁና ቁና።
ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥሯ ቀልታለች፦
ሰማንያ ዘጠኝ... ዘጠና... ዘጠና አራት፤
ከኋላው እጄን ብሰድ የሚወጣው ነፋስ
የታመመ ልጅ ግንባር ነው፣ ትኩሳት።

የምሥለው ፎቅ ነው፤ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ፣
መስታወቱ ላይ ግን ከወዲሁ ፀሐይ የሠፈረ።
ጥላውን በጥላ፣ ጨረሩን በጨረር ለቅሞ የሚሞላው
ማሽኑ ነው እንጂ እኔ መች!
ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል፤
ሥራዬ ሲሶ ላይ ቆመች።

ጥፋቱ የኪሩብ ነው፣ የታናሼ።
"የፋብሪካው ፍጥነት እኮ ለፈሪ ነው" ብሎ በፋሲካ
ሦስት ነጥብ ስድስት የነበረውን አራት ነጥብ አምስት አስገባው፣
በዓይን ግምት፣ ምኑንም ሳይለካ።
ቮልቴጁን ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ፤
ሁለት ሳምንት እንደ ሚዳቋ በረረ።
ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን፣ ከዚያ ድንገት መጥፋት፣
ከዚያ ይሄ ማቃሰት።

ሲነጋ ገመዱን ነቃቅዬ፣ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ፣
እንደ ሕፃን ታቅፌው ወረድኩ ሰባራ ባቡር፤
ጋሽ ተድባቡ ጎሚስታው፣ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ ሲጠብቁ
"ምነው፣ ይሄንንም ምስማር ወጋው?" አሉ፣ ከሳቅ ጋር።

ጎኑን ፈታሁት። አራት ብሎን።
የአይጥ ጎጆ ነው ውስጡ፤
በሂትሲንኩ ጥርሶች መሀል ግራጫ ጥጥ ተወትፎ፣
ፋኑም ፀጉር አብቅሎ፣ ክንፉ ከብዶት፣
ጥጉን ይዞ አኩርፎ።

ቱቦውን ደግነው "ልልቀቀው?" አሉ።
"ቆይ፣ ፋኑን በጣቴ ልያዝ፤
ካለቅጥ ከዞረ እሳት ይልካል ለሁሉ።"
"ጎማም እንዲሁ ነው ልጄ፤ ሠላሳ አምስት ተብሎ የተጻፈበትን
ስልሳ ሙሉልኝ የሚል አለ፣ ችኩል፤
መንገድ ላይ መሰለህ የሚፈነዳ?
ቆሞ ነው፣ ፀሐይ ላይ፣ ባለቤቱ ሻይ ሲል።"

ፊሽሽ—
አቧራው ወጣ፤
ፊቴም ነጣ፣ የጋሽ ተድባቡም ጢም ነጣ።
የኖራ ሽታ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የጭድ፤
አቧራ እንዲህ ስም እየጠራ ሲሄድ
ሰምቼ አላውቅም። የእነ እትዬ ደብሪቱ ሳሎን፣
የአናጢው የባልቻ ደጅ፣
ዶዘር የገባ ሰሞን በመስኮቴ የገባው ሁሉ—
ያን ሁሉ ወር ማሽኔ ሲስበው የኖረ
ሰፈሩን ነው። ሰዎቹ የካ አባዶ ገቡ፣
ግድግዳቸው እኔ ጋ ቀረ።

ከማጣሪያው ወንፊት ላይ አንዲት ቅርፊት ለቀምኩ፣
ምስር የምታህል፣
ውሃ አረንጓዴ። የእትዬ ደብሪቱ ሳሎን ናት፣
ማን ይስታታል!

ቤት ገብቼ የደረቀውን ፔስት በፋርማሲ አልኮልና በሶፍት ጠረግሁ፤
አዲሱን ጠብ አደረግሁ፣ እሱንም ምስር አሳክዬ፣
ብሎኖቹን አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ፣ በሰያፍ አጠበቅሁ።
የኪሩብን ቁጥር አራት ነጥብ አንድ ላይ መለስኩት።
ፈሪ ይበለኝ፣ ይቆጣ።
ስልሳ ሦስት ዲግሪ።
ጩኸቱ ከክፍሌ ወጣ።

ጸጥ ሲል ነው የገባኝ።
የባልቻ መጋዝ የለም፤ የእትዬ ደብሪቱ ሬዲዮ የለም፤
አንድ የተረሳ ቆርቆሮ ብቻ ነፋስ ሲነካው ያጨበጭባል፣
ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ፎቁን ከፈትኩት።
ሰባተኛ ወለል፣ ግራ ጥግ፣ አንድ በረንዳ፤
ቅርፊቷን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጬ፣ አንዴ እሷን አንዴ ስክሪኑን እያየሁ
ግድግዳውን ውሃ አረንጓዴ ቀባሁ።
ሰኞ "ይሄ ስህተት ነው?" ይሉኛል ይሆናል፤
እስከዚያ ማሽኑ ይቆጥራል።
ስልሳ አራት። ስልሳ አራት። ስልሳ አምስት—
መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ፤ ትንፋሼን ያዝኩ።
አልሄደም።