የማይቆጠሩ ቀናት

ቡሬ ላይ ሐምሌ ነው፥ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤
በዩኒየኑ ቢሮ አንድ ሻማ ይቀልጣል።
ጠረጴዛዬ ላይ የባዕድ አገር ውል፥
ጥለቱ ከኩታው የሚሰፋ የሚመስል።

የኑግ መጭመቂያችን ከታመመ ሰንብቷል፥
ሐኪሙ ባሕር ማዶ ፑኔ ተቀምጧል፤
እዚያ ጣት ሲያሳርፍ፥ እዚህ ጥርሱ ይዞራል።

አምና ውሉ ቀላል፥ ሁለት ገጽ ነበረ፤
ዘንድሮ የብር ዋጋ አድሮ ተቀየረ፥
የታክሱ አዋጅ ወጣ፥ ባንኩም ደንብ ጨመረ።
በዓይን ለማይታይ፥ ጉምሩክ ለማያውቀው፥
ግብሩን ገዢው ቆርጦ ይክፈል ነው ሕጉ ያለው።

ጋሽ አንዳርጌ፥ ሊቀ መንበራችን፥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፥
"አንቺ ልጅ፥ ፈርሚና እንረፍ" ይለኛል፤ "ኑጉ እየሻገተ ነው።"
እኔ ግን አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ቆሜያለሁ፥
ማጥ እንደያዘው በቅሎ።

"ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ቢመጣ፥" ይላል፥
"ሻጭ አይጠየቅም።"
ገዢስ? ስለ ገዢ አንድ ቃል የለም።
ማዕበል አለ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ፥ የወደብ መዘጋት፤
ባሕር የሌለው አገር ማዕበል ፈርቶ ምን ያደርጋል?
የኛን ማዕበል የጻፈው የለም፦
መብራት ሄዶ ሦስት ቀን፥ መስመር ጠፍቶ ሦስት ሳምንት፥
የስልኩ ምልክት እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብቅ ብሎ ሲሸሽ።
ክፍያው ግን በቀን ነው። በዶላር። ወጣችም አልወጣችም።

አባቴ ቢተው ወንበርማ ላይ የእኩል አራሽ ነበር።
ፊደል አልቆጠረም፤ ውሉ ግን ቀዳዳ አልነበረውም፦
"ዘሩ ካንተ፥ በሬው ከኔ፤
በረዶ ከመታው ኪሳራው የሁለታችን፤
ከተጣላን ሾላው ሥር ነው ዳኝነቱ፥ ካንተም ከኔም ቤት እኩል ሩቅ።"
እኩል ሩቅ።
ያንን ቃል የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ማርቀቅ ጀመርኩ በሻማው ጭላንጭል፦
"ዳኝነቱ ፑኔም፥ ቡሬም ላይ እንዳይውል፥
ናይሮቢ ይሰየም ገላጋይ በጋራ፤
ግብሩ ከዋጋው ላይ ተለይቶ ይጠራ፤
ሕግ ቢለወጥ ነገ፥ ብር ቢወርድ ከላይ፥
በሠላሳ ቀን ውስጥ ዋጋው ዳግም ይታይ፤
መስመር የጠፋበት፥ ድምፅ ያልተሰማበት
ቀን፥ ከቀን አይገባ፤ አይከፈልበት።"

"ናይሮቢ ሾላ አለ ወይ?" አለኝ ጋሽ አንዳርጌ።

ሐሙስ ጠዋት የሻጩ ጠበቃ በስክሪን መጣ፥
ሸሚዙ የተተኮሰ፥ ከጀርባው የመጻሕፍት መደርደሪያ።
ሁሉንም ተቀበለ፤ አንዱ ላይ ብቻ ጣቱን አኖረ፦
"ይህ 'የማይቆጠሩ ቀናት' የምትሉት ምንድን ነው?
በዚህ ዘመን መስመር እንዴት ሦስት ሳምንት—"

አፌን ከፈትኩ፥ ላስረዳው።
የሱ አፍ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከዚያ ግራጫ ካሬ ሆኖ ተበተነ።
ጋሽ አንዳርጌ ስክሪኑን በመዳፉ መታ፥ እንደ ድሮ ሬዲዮ።
የኔዓለም ከመጋዘን መጥታ፥ "ወረዳው ሙሉ ጠፍቷል" አለች።

ዘጠኝ ቀን።
እያንዳንዱን በሰዓቱ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፥
የኔዓለምን ምስክር አስፈርሜ፤
ውል ባይጸናም ማስረጃ አይጠላም።

በዐሥረኛው ማለዳ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።
አርባ አንድ መልእክት፤ ከሁሉ በላይ ያለው አጭር፦
"አንቀጽ አሥራ አራት፥ እንዳላችሁት።"

ጋሽ አንዳርጌ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።
ብዕሩን ያዘና ዝም አለ።
"ለሱ አልቆጠርንለትም፥ ደግ። ለኛስ ዘጠኙን ቀን ማን ይከፍለናል?"
ከመጋዘኑ የሻገተ ኑግ ሽታ በበሩ ሥር ገባ።
ፈረመ።
ማኅተሙን እፍ አለበትና መታ።