ሦስተኛዋ ነፍስ

በኮርንዎል ዳር፣ ዛፉ በነፋስ በሚጎብጥበት፣ አባቴ መሬት ሲከራይ፣
ዓመት አልቆጠረም፣ ወር አላለም፤ ውሉን የጻፈው በነፍስ ላይ።
«ከእነዚህ ከሦስቱ» ይላል ብራናው፣ «አንዱ በሕይወት እስካለ ድረስ፣
ቤቱ አይነቀነቅ፣ አጥሩም አይፍረስ፤
ሦስተኛው ያረፈ ዕለት ግን፣ ለባለርስቱ ይመለስ።»

አንደኛው ራሱ ፓስኮ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፤
ሁለተኛዋ አክስቴ ታምሲን፣ ጉንፋን የማያውቃት ቀልጣፋ፤
ሦስተኛው ወንድሜ ዲጎሪ፣ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ጉንጩ የተነፋ።

እኔ፣ ላቭዴይ፣ መንትያው፣ እዚያ ውል ላይ አልገባሁም፤
ያስለኝ ነበር ያን ሰሞን፤ ለቤት ምሰሶ አልሆንኩም።
አልተቀየምኩም።
ነቀዝ የበላውን እንጨት፣ ማን ማገር ያደርጋል?
አባትም ቢሆን፣ ልጁን እንደ ግንድ አንኳኩቶ ይመርጣል።

አባቴ ከድርቆሽ ክምር ወድቆ፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ፤
ሬሳው ገና ሳይወጣ፣ የባለርስቱ ሹም በረት ገብቶ ጻፈ፤
ውሉ ነው፤ አንድ ነፍስ በወጣ ቁጥር፣
ከከብቱ ምርጧ ትሄዳለች፤ እኛ የቀረውን እንቁጠር።
ነጯን ላም ነዷት። እናቴ አላለቀሰችም፤ እጇን በጨርቅ ጠረገችና
ወተቱን ከምድጃ አወረደች፤ የመጨረሻው ነበርና።

ከዚያ አክስቴን መጠበቅ ሆነ። ሰው እንዲህ አይጠበቅም፤
መስኮት አይከፈት፣ በዝናብ አትውጪ፣ ይህ ወንበር ለወገብሽ አይበጅም፤
ሾርባው ለሷ፣ ፍሙ ለሷ። አንድ ማታ ቀና ብላ፣
«ለእኔ ነው ይህ ሁሉ ልብስ» አለች፣ «ወይስ ለጣሪያው ከለላ?»
መልስ አልነበረንም።
በየካቲት ሞተች። የሄደችው ጥቁሯ ጊደር ናት።

ዲጎሪ ያኔ ባሕር ላይ ነው፤ በአሥራ ዘጠኙ ነው የወጣ።
እናቴ ወደቡ ላይ አንገቱን ይዛ፣
«አደራህን፣ ቤቱ ያለው ያንተ ደረት ላይ ነው» አለችው፤ እሱም የሚለው አጣ።
ከዚያ ወዲያ ነፋስ በነፈሰ ሌሊት፣ ቀና ብዬ ጣሪያ አላይም፤
የትኛው ባሕር ላይ ያስለው ይሆን? እላለሁ፤ እንቅልፍ አይወስደኝም።
ሁለት ክፍል፣ የጭስ መውጫ፣ የድንች ማሳ፣ አንድ በረት፣
የእናቴን አልጋ ሳይቀር፣
ተሸክሞት ይዞራል ዓለምን፣ በዚያ በአንድ ደረት።

ሹሙ ሆኪን በየመጋቢቱ፣ ኪራዩን ቆጥሮ ሲጨርስ፣
«አለ?» ይላል። «አለ» እንላለን፤ እስከ ከርሞ መጋቢት ድረስ።
በስድስተኛው ዓመት፣ እናቴ «አለ» ስትል ድምፅዋ ሰለለ።
በሰባተኛው ብቻዬን ነበርኩ። ሆኪን አልጠየቀም፤ «ሕግ አለ» አለ።
«ሰባት ዓመት ወሬው የጠፋ፣ ሙት ነው።» መቃብር የለ፣ ደወል የለ፣
ወንድሜ ገበታዬ ላይ ሞተ፤ በላባ ብዕር፣ በአንድ ጭረት፤
ሹሙም የቀረችውን ላም ሊያይ፣ ወጣ ወደ በረት።

ሲመለስ «አሁን እኔ ምንድነኝ?» አልኩት። ደህና ሰው ነው፣ አይዋሽም፤
«ተከራይ አይደለሽም፤ ወራሪም አይደለሽም፤
ዝም ስላልንሽ ያለሽ ነሽ።» ለዚህም ስም አላቸው፤
ስሙ ግን ለእኔ አይደለም፣ ለዝምታቸው።

ከዚያ ወረቀት ዘረጋ። «አዲስ ሦስት ነፍስ ጥሪ፤
ባለወፍጮው ልጅ አለችው፣ አምስት ዓመቷ፣ ጤነኛ፤ እሷን አስጽፊና ኑሪ።»
ልጅቷን አውቃታለሁ። አጥር ትዘላለች፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ታጎነብሳለች፤
ስሟ ብራናው ላይ ካረፈ፣ ከነገ ጀምሮ ጣሪያዬ ናት፤ እንደ ጣሪያም ትታያለች።
«አይሆንም» አልኩት። «ከዓመት ዓመት ስጠኝ፤ ቁርጥ ቀን ያለው፣
ማንም ሳይሞት የሚያልቅ፣ በወር ቆጠራ ብቻ የሚሞተው።»
ኪራዩ እጥፍ ሆነ። ፈረምኩ።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው ዘንድሮ። ያ ሳል አሁንም አለ።
በጥቅምት አንድ መርከበኛ ከደጄ ቆሞ ውሃ ጠየቀና፣ ወሬ ጣለ፦
ማዴይራ ላይ በርሜል የሚሠራ ዲጎሪ የሚሉት ሰው አለ፤ ወፍሯል፤ ይስቃል።
እውነት ይሁን ሌላ ዲጎሪ፣ ማን ያውቃል?

ለሆኪን አልነገርኩም። ተወው፤
ጣሪያ የሌለበት ደረቱን፣ እስኪ ለአንድ ጊዜ ይንፋው።