የኅዳግ ጽሕፈት

በቢቸና መንፈሳዊ ኮሌጅ፣ በዚያች በቆርቆሮ ክፍል፣
ዝናብ ሲመጣ ጣራው ያስተምራል፣ መምህሩ ዝም ይላል።
ታሪክ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤ ሦስት ክሬዲት፤ ሐሙስ ጧት፤
ስምንት ዲያቆን፣ ሁለት ነርሶች፣
አንድ ጡረተኛ ወታደር፣ ከደጀን የሚነሣ በሌሊት፣
እኔም አለሁ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
የቅኔ ቤት ቁንጫ ገና ከጋቢዬ ያልረገፈ፣
እጄ በቃል እንጂ በእስክሪብቶ ብዙ ያልጻፈ።

መስሎኝ ነበር ነገሥታቱን ከነዘመናቸው
እንደ ውዳሴ ማርያም አጥንቼ
በፈተናው ቀን ላንበለብላቸው።
«ዓመተ ምሕረቱንማ እኔም ከወረቀት ነው የማየው»
አለች መምህርት ማንጠግቦሽ፤ ጠመኔ ሰብራ ጻፈች፦
ማን ጻፈው?
ለማን?
ማን ነው ዝም ያለው?
(ወታደሩ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ገለበጠው።)

«ለፋሲካ አገር ስትገቡ፣ ከየአጥቢያችሁ
መጽሐፍ ያልጠራው አንድ ምስክር ይዛችሁ
ኑ» አለችን። ወጣን እየተንጫጫን።
ልየው «ምስክር ከየት ይምጣ፣ አያቶቻችን አልቀውብን?»

እኔ ግን ነበረኝ። ከሱሐ ማዶ ነው አገሬ፤
ዳኛ ጓንጉል አምስተኛ አያቴ ነው፣
ርስቱን ቆርሶ ለማርያም የሰጠው፣
በየዓመቱ ማኅበር ላይ፣ ጽዋው ሲዞር፣
አባቴ ብድግ ብሎ የሚያነሣው።

ቄሰ ገበዝ አንማው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ፣
ወንጌሉን ከነልብሱ፣ ከነአቧራው፣ ከዕቃ ቤት አመጡ።
ማርቆስ አልቆ ሉቃስ ሳይጀምር፣ ባዶ በቀረው ብራና ላይ፣
ሌላ እጅ፣ ሌላ ቀለም፣ ተጠግተው ብቻ የሚታይ፦

«በክፉ ቀን ዳኛ ጓንጉል ይህን መሬት ገዛ፣ በሁለት ቁና ገብስ።
ምስክር አለቃ ቢያዝን፣ ምስክር ጭቃ ሹም ወንዴ፣
ምስክር ቄስ ተሻለ፣ ምስክር የጓንጉል ወንድም ድረስ።
ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ውጉዝ ይሁን።
የሸጠችው ወለተ

እዚያ ላይ አይጥ በልቶታል።
ወለተ ጻድቅ? ወለተ ኪዳን? ወለተ ማን?
አምስት ወንድ ከነማዕረጉ ሲተርፍ፣
የእርሷን አይጥ ወሰደው፣ ግማሽ ስሟን።

ነርሷን የውብዳርን ጠየቅኋት፣ ሁለት ቁና ስንት ቀን ያኖራል?
«ልጆች ካሏት» አለች፣ በጣቷ ቆጥራ፣
«ሁለት ሳምንት። ከዚያማ ያልቃል።»

አባቴ፣ «የሙት ጉድፍ ለመምህር አይነገርም፤
እኛም ቤት የሠራነው በዚያው መሬት ላይ ነው» አለኝ፤
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሁለት ወረቀት ጻፍሁ። አንዱ ስለ ደወሉ ነበር፣
ማን እንደ ሰቀለው፣ ስንት በቅሎ እንደ ጎተተው፤
ንጹሕ ወረቀት፣ ማንንም የማይነካ፣ ምንም የሌለው።
ሐሙስ ጧት ሁለቱንም ይዤ ገባሁ።
ዝናቡ ወርዶ ነበር፤ ጣራው እያስተማረ ነበር፤
በዚያ ጩኸት መሐል ሁለተኛውን ሰጠሁ።

ተመልሶ ሲመጣ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ቢ። አራቱን ምስክሮች በስም ጠቅሰሃል።
ገጽ ሁለት ላይ ግን ‹ከአንዲት ሴት› ብለህ አልፈሃል።
አይጡ አንተ ነህ?»

ሳምንቱን ሙሉ አልበላሁም ልበል? በላሁ።
ግን እየቆጠርሁ።

በሰኔ ማርያም አገር ቤት ለመቀደስ ገባሁ፤
የሙታን ስም ሲነሣ፣ ከጓንጉል ቀጥዬ
«ወለተ» አልሁና ቆምሁ።
ቄሰ ገበዝ አንማው ዞር አሉ፣
«ጨርሰው እንጂ» በሹክሹክታ።
አባቴ ከወንዶች በር፣ አገጩን በመቋሚያው አስደግፎ፣
ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬቱ ያያል።

«ይኸው ነው አባ፣ የቀረው ይኸው ነው» አልሁ።
ወደሚቀጥለው ስም አለፍሁ።