አደብዛዡ

አቶ አንማው መጡ፣ መሸት ሲል፣ ወደ ማታ፣
በእጃቸው ፍላሽ፣ በአፋቸው ስሞታ፦
"ከመድኃኒት ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ስልኬ ተመነተፈ! ይውጣ ፊቱ ይታይ፤
ደብረ ማርቆስ ይየው፣ በቴሌግራም ይሂድ፣
የሌባው ዘመድም በየቤቱ ይራድ።"

"ይሁን" አልኋቸው፣ "ግን ሌላም ሰው አለበት፤
መድኃኒት ፈልጎ፣ ሕመሙን ይዞ የገባበት።
እሱን ላደብዝዘው።"
ሳቁ። "ያልሰረቀ ሰው፣ ለምን ይሸሸጋል?"
"ታዲያ ለጨዋ ሰው፣ ማን ጥላ ይዘረጋል?"

ሄዱ። በሬን ዘጋሁ። አርባ ሁለት ደቂቃ፣
ድምፅ አልባ ቀትር፣ ፊቴ ላይ ሲነቃ።

አባቴ ዘረፋን፣ በቅኔ ነው ያወቀው፤
ሰሙን ከላይ አልብሶ፣ ወርቁን ሲደብቀው።
የእኔ ቤት ዘረፋ፣ የስልክ ነው፣ የሱቅ፤
እኔም ሰም አፈሳለሁ፣ ፊት ከዓይን እንዲርቅ።

አንዲት ሴት ገባች፤ ሰው ሲበዛ ወጣች፤
ተመልሳ መጥታ፣ ሳሙና አገላበጠች፤
ወረፋው ሲያልቅላት፣ በሹክሹክታ አወጣች።
ሰም።
አንድ ጎረምሳ፣ ላብ ያሰመጠው፣
የዕቃውን ስም ፈርቶ፣ በጣቱ ጠቆመው።
ሰም።
ፊዚክስ ያስተማሩኝ (ስማቸው ይቆየን)፣
ገንዘብ ጎደላቸው፤ ግማሹን ክኒን መለሱ፣
ባርኔጣ አውልቀው፣ እጅ እየነሱ።
ሰም። ሰም።

ሌባው ግን ልጅ ነበር፤ ጢም እንኳ አላበቀለ፤
ስልኩን ያነሳ እጁ፣ ካሜራው ሥር ዋለለ።
የሱን ፊት ተውሁት። ታዝዣለሁና።
ደስ አላለኝም፤
አሁንም አላለኝ ገና።

ሠላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ፣ ጃንጥላ።
ጥቁር። አንድ አጥንቱ የተሰበረ፤
አምና በሽቦ፣ በእኔው እጅ የታሰረ።
የሻረግ፣ እህቴ!
ያን ዕለት "ሞጣ ነኝ" ብላኝ ነበረ።

ካርቶኑን ቀደደች፤ ወረቀቱን ጣለች፤
ባዶ የቅባት ብልቃጥ፣ ከቦርሳዋ አወጣች፤
ክኒኑን አንድ በአንድ፣ ቆጥራ ጨመረች።
ያ ብልቃጥ መስኮታችን ላይ ነው።
ስንቴ አንስቼው፣ አቧራ ጠርጌለት ይሆን?

ፊቷን ሸፈንሁት። አረማመዷ ቀረ።
መንቆረር እንደሆን፣ ሰውን ከጀርባው ያውቃል፤
ኮቴ ሰምቶ ብቻ፣ በስም ይጠራል።
እግሯን ሸፈንሁ። ጃንጥላውን።
ግድግዳው ላይ የወደቀ
ጥላዋ ሳይቀር፣ ከሰሙ ሥር ጠለቀ።

ሁሉን ሸፍኜ፣ አንድ ተረፈኝ፣ የእኔ ዓይን፤
ልንሸፍን ያየነውን፣ እኛን ማን ይሸፍነን?

ጠዋት ለአቶ አንማው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ሰጠሁ፤
"ለፖሊስ እንጂ ለአደባባይ አይሁን" ብዬ ለመንሁ።
"የቀረውስ?" አሉኝ።
"የቀረው የሰው ነው።"

ቤት ስገባ፣ ብልቃጡን ፀሐይ መቶታል፤
መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ወትሮው ቆሟል።
በሁለት ጣቴ ገፋ አድርጌ፣
ወደ ጥላው አስጠጋሁት፤
እንደማያይ ሰው፣ አለፍሁት።